ሰላምታው እስኪያልቅ

ዳዊ ሞርኬ የተወለደው ዋሻ ውስጥ ነው። ይህን ለእንግዳ ሲናገር እንግዳው ይስቃል፤ እሱም እንዲስቅለት ብሎ ነው የሚናገረው። ነገሩ ግን የእውነት ነው። የጣልያን አውሮፕላን ቆላውን ሲደበድብ በነበረበት ዓመት የሰፈሩ ሰው ከብቱን እየነዳ ገልማ ዋሻ ገብቶ ከርሞ ነበር። እናቱን ምጥ የያዛት እዚያው፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለው ደረቅ አዳራሽ፣ በጥጆችና በፍየሎች መሀል ነው። አዋላጆቹ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ብለው እልልታውን ዋጡት።

«ያለ እልልታ የተወለድኩ ሰው ነኝ» ይላል። «የቀረብኝን ጩኸት አላህ ቆይቶ በሚስት በኩል ካሰኝ።»

ሚስቱ ሞሚና ይህን ስትሰማ አትተወውም። «እኔ ባልጮህ ኖሮ አንተን ማን ከዚያ ጉድጓድ ያወጣህ ነበር? የሌሊት ወፍ ሆነህ ትቀር ነበር!»

እውነቷን ነው። ዳዊ ከቤቱ ይልቅ ዋሻው ውስጥ የሚውል ሰው ነበር። አባቱ ሞርኬ ለዚያራ፣ ቅዱሱን ስፍራ ለመሳለም የሚመጡትን ምእመናን በችቦ እየመራ ያሻግር ነበር፤ ችቦውን የተቀበለው ዳዊ ነው። በኋላ ፈረንጆች የጎማ ጀልባና ገመድ ይዘው መጡና ዋሻውን ከአፍ እስከ አፍ ለኩት፤ ያን ጊዜም ፊት ፊት የሚሄደው እሱ ነበር። ከዚያ መንግሥት በዋሻው አፍ ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ሰሌዳ ተከለ፣ ለዳዊም ቆብና ባትሪ ሰጠው። ቆቡን ለአንድ የበግ እረኛ ሰጠ፤ ባትሪውን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው።

ዲማ ወንዝ ከደጋው ወርዶ የኖራ ድንጋዩ ተራራ ሲጋረጥበት፣ መዞሩን ንቆ ተራራውን በስቶ ገብቷል። የሚወጣው በወዲያኛው ጎን፣ ሌላ ወረዳ ላይ ነው። ውስጡ የሰው እጅ ያልነካቸው ነጫጭ ዓምዶችና ቅስቶች አሉ፤ ጣሪያው እንደ ድስት ሆድ ተቦርቡሯል፤ በግራም በቀኝም ወደ ላይ የሚወስዱ ጉድጓዶችና ደረቅ አዳራሾች አሉ። አባ ገልማ የሚባሉት ደግ ሼህ በዘንጋቸው መትተው ከፈቱት ይላል የአገሩ ሰው። የድንጋይ ምሁራን ደግሞ ውሃው ነው በዘመናት ብዛት ድንጋዩን እያሟሟ የከፈተው ይላሉ። ዳዊ ሁለቱንም ይናገራል። ከማን ጋር እንደገባ አይቶ የትኛውን እንደሚያስቀድም ግን ያውቅበታል።

እንግዶችን ሁሉ የሚያስደነግጠው ሌላ ነገር ነው። ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቢቆም በማይደርስበት ከፍታ፣ በዓምዶቹ አናት ላይ፣ ትላልቅ ግንዶች ተሰንቅረው ይታያሉ። «ማን ነው እዚያ የሰቀላቸው?» ብለው ይጠይቁታል።

«ዲማ ነዋ! ማገዶውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው» ይላቸዋል። ይስቃሉ። ቆየት ብሎ ነገሩ ይገባቸውና ዓይናቸው ቀስ ብሎ እግራቸው ስር ወደሚፈሰው ውሃ ይወርዳል። ዳዊ ይህችን ቅጽበት ይወዳት ነበር። ሰው ሲፈራ ማየት ሳይሆን፣ ሰው ዋሻውን ሲያከብር ማየት ነበር ደስ የሚለው።

እሱ ራሱ ያከብረው ነበርና። ዲማ ማለት በአገሩ ቋንቋ ቀይ ማለት ነው፤ ግን ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ስሙን የሚያስታውሰው ደጋው ላይ ሲዘንብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እዚህ ቆላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት እየበሳች ሳለ ጎርፉ ይመጣል። ስለዚህ ሞርኬ ለልጁ ያወረሰው አንድ ትእዛዝ ነበር፤ «ወንዙን ሳታናግር ሰው አታስገባ።» ዳዊም ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ውሃውን በመዳፉ ይዘግናል፣ ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ቅጠል ይዞ እንደሆነ ይመረምራል። ትንሽ እንኳ ከደፈረሰ፣ ሚኒስትርም ቢመጣ አይገባም። ባትሪ ከተሰጠው ጀምሮ እስከዚያ የካቲት ድረስ አንድ ሰው አልሞተበትም።

አሁን ስለ ሰላምታ ልናገር፤ ያለ እሱ የዳዊ ታሪክ አይገባምና። በዚህ አገር ሰላምታ ሥራ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ግመሉ፣ ስለ ሳሩና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ በየተራ ይጠያየቃል። የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ።» ጎተራው የተቃጠለበት ሰው እንኳ «እህሉስ?» ሲባል «ሰላም» ብሎ ይመልሳል። እውነቱን የሚያወጣው ከተቀመጠና ወተት ከቀመሰ በኋላ ነው፤ «እንግዲህ፣ ጎተራዬ ተቃጥሏል» ይላል። ክፉ ወሬ ከሰላም አይቀድምም። በዕድሜ የሚበልጥህን ሰው ሰላምታ ማቋረጥማ አባትን በጥፊ እንደ መምታት ነው። እኔ በዚህ ልማድ መሀል ብዙ ኖሬያለሁ፤ የወደድኩበት ቀን አለ፣ የረገምኩበት ቀን ደግሞ ይበልጣል።

ዳዊና ሞሚና ብዙ ከተሳሉ፣ ብዙ ካለቀሱ በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሉባባ አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም በስሙ አልጠራውም፤ እሱ አባ ሉባባ፣ ሞሚናም ሐደ ሉባባ፣ የሉባባ እናት ሆኑ። ልጅቷ አባቷን ተከትላ ገብታ ዋሻውን በእጇ አወቀችው። ባትሪ ሳትይዝ፣ ዓምዶቹን እየዳሰሰች በጨለማ ትሄዳለች። ለየዓምዱ ስም አውጥታለች፤ አንዱ ጥርስ የለሹ፣ አንዷ አሮጊቷ፣ ሆዱ የተነፋው ደግሞ ሐጂ ኩምቢ። ሐጂ ኩምቢ የደጋው ሽማግሌ ናቸው፤ ዳዊን የዳሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «ቢያንስ ጎርፍ የማያንቀሳቅሰኝ አድርጋኛለች» አሉ።

ሉባባን ለትዳር የጠየቃት ከተራራው ወዲያ ያለ፣ ጀማ የሚባል የግመል ነጋዴ ልጅ ነው። ገደሉን ዞሮ መሄድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በዋሻው ግን ከረፋድ እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት በደህና ይደረሳል። ደግሞም በገልማ ውስጥ ያለፈች ሙሽራ ትባረካለች ይባላል። ሥርዓት ግን አለው። ሙሽራ እግሯ የዋሻውን ውሃ መንካት የለበትም፤ በየመሻገሪያው የአባቷ ወንድም አዝሎ ያሻግራታል።

ጊዜው የካቲት ነበር። በልግ ገና ነው፤ ማንም ስለ ዝናብ አላሰበም። እንዲያም ሆኖ በሠርጉ ጠዋት ዳዊ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ዲማን ዘገነ። ንጹሕ ነው። አሸተተው። ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ሁለተኛ ዘገነ።

«እስኪ ተወው፣ አንጀቱን አወጣኸው ወንዙን!» አለው ታናሽ ወንድሙ ሙክታር። «ልጅቷን ልትድር ነው ወይስ ወንዙን ልታገባ?»

«አንተ ዝም ብለህ ወገብህን እሰር። እንደ ከሰል ጆንያ እንዳታንዘላዝላት።»

«የከሰል ጆንያ ይሻላል፣ አይነዘንዝም» አለ ሙክታር። ሉባባ ከቀይ ሻሿ ስር ሆና «አጎቴ፣ ጆሮህን ነው የምይዘው መሪ አድርጌ» ስትለው ሚዜዎቿ ሁሉ ሳቁ።

ሞሚና ሥርዓቱ ስለማይፈቅድላት ከዋሻው አፍ አላለፈችም። ልጇን አቅፋ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ፊቷን መልሳ ወደ ቤት ሄደች።

ዳዊ ከሙሽሪት ጋር ሊገባ እግሩን ሲያነሣ፣ በገደሉ አናት ላይ አንድ በቅሎ ስትወርድ አየ። የተቀመጡባትን ከሩቅ ለየ፤ ሐጂ ኩምቢ ናቸው። የዳሩትን፣ የመረቁትን ሰው፣ በልጁ ሠርግ ቀን ከደጋ ሲመጡ ጀርባ ሰጥቶ ዋሻ ይገባል? አይደረግም።

«እናንተ ግቡ» አለ ለሙክታር። «ሐጂን ተቀብዬ፣ ወተት አስቀምሼ እደርስባችኋለሁ። እናንተ እየዘፈናችሁ ነው የምትሄዱት፣ እኔ ብቻዬን ፈጣን ነኝ።»

ሉባባ ዞር ብላ «አባ፣ ቶሎ በል» አለችው። ሚዜዎቹ ዘፈኑን አነሱና ጨለማው ዋጣቸው።

ሐጂ ኩምቢ ሲደርሱ በቅሎዋ አረፋ ደፍቃ ነበር። ልብሳቸው ጭቃ ነክቶት ነበር። ዳዊ ልጓሙን ይዞ አወረዳቸው፤ ጭቃውን አይቶታል። ሽማግሌው ግን ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ጥምጣማቸውን አቀኑ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባ ሉባባ፣ ሰላም አደርክ?»

«ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ሐጂ፣ ሰላም አደሩ?»

«ሰላም። ቤቱስ?»

«ሰላም። የእርስዎስ ቤት? ልጆቹ?»

«ሰላም ናቸው። ላሞቹስ? ጥጆቹስ?»

«ሰላም ናቸው። ደጋውስ? ሳሩስ እንዴት ነው?»

«ሰላም።»

«ዝናቡስ?»

ሐጂ ኩምቢ ትንሽ ዘገዩ። «ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሙሽራዋስ?»

ዳዊ «አሁን ገባች» ማለት ይችል ነበር። ግን ጥያቄው የሰላምታ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው። «ሰላም ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አለ።

ስለ ጎረቤቶች ተጠያየቁ። ስለ መስጊዱ ተጠያየቁ። ስለ ሟች ሞርኬ ነፍስ ዱዓ ተደረገ። ዳዊ ሽማግሌውን ግራሩ ስር አስቀመጣቸው፣ ወተቱን በጮጮ አቀረበ። ሐጂ ኩምቢ ተጎነጩ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ጮጮውን አስቀመጡ።

«አባ ሉባባ» አሉ፣ «ሌሊቱን ሙሉ በበቅሎ የመጣሁት ለዚህ ነው። ትናንት እኛ ዘንድ ሰማዩ ተቀደደ። ዲማ የላይኛውን ድልድይ ወስዶታል። ሙሽራዋን ዛሬ በዋሻ እንዳታስገባት፤ በገደሉ ዞራ ትሂድ።»

ዳዊ የሮጠው መነሣቱን ሳያውቅ ነው፤ ጮጮውን በእግሩ ገልብጦት ሄደ። ከኋላው የሽማግሌው ድምፅ «ምነው? ምነው?» ሲል ይሰማው ነበር።

የዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ነፋስ ተቀበለው። ገልማ በዚህ ሰዓት ወደ ውጭ አይተነፍስም። ርግቦቹ እየተንጫጩ በአናቱ ላይ ወጡ። ባትሪውን አብርቶ የመጀመሪያውን መሻገሪያ ሲረግጥ የዲማን መልክ አየ፤ ስሙን ሆኗል። መጀመሪያ ጉልበቱ ድረስ፣ ቀጥሎ ወገቡ ድረስ ደረሰ።

ከፊቱ፣ ከሩቅ፣ ዘፈኑ ይሰማል። አላወቁም። እነሱ ያሉበት አዳራሽ ሰፊ ስለሆነ ውሃው ገና አልከበዳቸውም፤ የራሳቸው እልልታ ከጣሪያው እየተመለሰ ጆሯቸውን ሞልቶታል። ዳዊ «ወደ ላይ ውጡ!» እያለ ጮኸ። ዋሻው ግን ጩኸቱን ከዘፈኑ ጋር ቀላቀለው። ዳግመኛ ጮኸ፤ ሦስተኛ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ውሃው ከእግሩ ነቅሎ ወሰደው። ከአንድ ዓምድ ጋር አጋጨው፤ ዓምዱን አቅፎ፣ በጥፍሩም በጥርሱም ቧጥጦ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ወጣ። ባትሪው ጠፍቷል። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሠርጉን ዘፈን ሰማ። ከዚያ ዘፈኑ ተቋረጠ።

ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ከዚያ ድንጋይ ላይ መውረድ አልተቻለውም። የሚሰማው የውሃ ድምፅና ግንድ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ብቻ ነበር። የልጁን ስም እየጠራ ነበር የቆየው፤ በኋላ ድምፁ ሲዘጋ በሹክሹክታ ጠራት።

ውሃው ሲጎድል ከላይኛው አዳራሽ ሰዎች መውረድ ጀመሩ። እሱ የተወለደበት አዳራሽ ነው። ሚዜዎቹ ጭቃ ለብሰው፣ አንዷ አንዷን ይዛ ወረዱ። ሁሉም አሉ። በመጨረሻ ሙክታር ወረደ፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«አራተኛው መሻገሪያ ላይ ነበርን» አለ ሙክታር። ወንድሙን ማየት አልቻለም፤ ለድንጋዩ ነበር የሚያወራው። «አዝያታለሁ። ውሃው ጉልበቴን ሲመታኝ የያዝኩት ባትሪ ወደቀ። ‹አጎቴ አውርደኝ፣ እኔ መንገዱን አውቃለሁ› አለችኝ። ሙሽራ ናት፣ እግሯ ውሃ አይነካም ብዬ... አላወረድኳትም። ወንዙ ነው ከጀርባዬ ያወረዳት። ግን ድምፅዋን ሰምቻለሁ፣ ወላሂ። በግራ በኩል። ‹ይዣለሁ!› ብላ ጮኸች።»

«ይዣለሁ ነው ያለችው?»

«ይዣለሁ ነው ያለችው።»

በአራተኛው መሻገሪያ በግራ በኩል ሉባባ አሮጊቷ ያለቻት ዓምድ አለች። ከአሮጊቷ ትከሻ ጀምሮ እጅና እግር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱን ይዞ የወጣ ሰው ከላይ ካሉት ጉድጓዶች ይገባል። ጉድጓዶቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው፣ አንዳንዶቹ ገደሉ ላይ ይወጣሉ። በጨለማ ያንን የምታውቅ አንዲት ሰው ብትኖር ሉባባ ናት። ስለዚህ ዳዊ ልጁ አልሞተችም አለ። ይህ ደግሞ የእብድ ወሬ አልነበረም፤ ሰፈሩም በልቡ እንደዚያው ተስፋ አድርጎ ነበር። ችቦ የያዘ ሁሉ ገባ።

ቀኑን በሙሉ በየጉድጓዱ አፍ አንገቱን እያስገባ ጠራት። የሚመልስለት የራሱ ድምፅ ነው። አሮጊቷን ዳሰሳት፤ ጭቃ ለብሳለች፣ የእጅ ምልክት የለባትም። ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቢያነሣ፣ ከቀድሞዎቹ ግንዶች መሀል አንድ አዲስ ግንድ ተሰንቅሯል፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ስለ ዲማ ማገዶ የሚቀልደውን ቀልድ ከዚያ በኋላ አልተናገረውም።

በማግሥቱም ገቡ፣ በሳልስቱም ገቡ። ከዚያ ችቦ የሚይዘው ሰው እየቀነሰ ሄደ። የጀማ ዘመዶች ከወዲያ በኩል ወንዙን ተከትለው እስከ ታችኛው ቆላ ፈለጉ። ኢማሙ መጥተው ዳዊን ለብቻው ይዘው፣ አስከሬን ባይገኝም የሩቅ ሶላት ሊሰገድላት እንደሚችል በለሆሳስ ነገሩት።

«ለማን?» አላቸው።

ኢማሙ ዓይናቸውን ወደ ወንዙ መለሱ።

«ሰው ሳይሞት አይሰገድም» አለ ዳዊ። «ይዣለሁ ብላለች። ይዛ ይሆናል።»

ሐጂ ኩምቢ ወደ ደጋ አልተመለሱም። ወተት የጠጡበት ግራር ስር ተቀምጠው ሰነበቱ። የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም፤ ሰላምታ ሰጥቶ እንኳ የሚያልፍ ጠፋ። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው በዚህ አገር ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። እሳቸውም ቅጣቱ አንሷል ብለው ነው መሰለኝ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ እንኳ አይዘዋወሩም ነበር።

አንድ ጠዋት ሞሚና ወጣችና ፊታቸው ቆመች። ነጠላዋን እንደ ወንድ ወገቧ ላይ አስራዋለች።

«ሐጂ፣ ልጄ ውሃ ውስጥ ሆና እርስዎ የጥጃዬን ደህንነት ይጠይቁ ነበር?»

«አዎ» አሉ ሽማግሌው።

«አፍዎ ላይ ነበረ ወሬው!»

«አፌ ላይ ነበረ። መግባቷን አላወቅሁም፣ ሐደ ሉባባ። ‹ሰላም ናት› አለኝ።»

ሞሚና ወደ ባሏ ዞረች። ዳዊ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ከዋሻው ከተመለሰ እህል አልቀመሰም።

«አንተስ? ምላስህ ተቆርጦ ነበር? ‹ገብታለች› ማለት ስንት ቃል ነው? አንዲት ቃል! ጭቃውን አይተሃል፣ የበቅሎዋን አረፋ አይተሃል። ወንዙን ሁለቴ ዘግነህ ሰውን አንድ ጊዜ መጠየቅ አቃተህ?»

«ሰላምታ ላይ ነበርን» አለ ዳዊ። ይህን ሲናገር ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ራሱም ሰማው።

«ሰላምታችሁ ይቃጠል!» ሰፈሩ በሙሉ እንዲሰማ ነበር የጮኸችው። «ከእንግዲህ ወደዚህ ደጅ የሚመጣ ሰው ሰላምታውን መንገድ ላይ ጥሎ ይምጣ። የመጣበትን ይናገር! የማይናገረውን እኔ አንገቱን ይዤ አስተፋዋለሁ!»

ማንም አልገሠጻትም። ሐጂ ኩምቢም አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ «ልክ ነሽ» አሉ።

ሳምንቱ ሊሞላ ሲል ነው። ፀሐይ ገና አልከረረችም። ዳዊ ደጁ ላይ ችቦ እያሰረ ነበር፤ ሞሚና ከቤት ውስጥ ናት። ከተራራው ዙሪያ በሚመጣው መንገድ አንድ ሰው ግመል እየሳበ ብቅ አለ። አደም ሮባ ነው፤ ዲማ ከዋሻው ወጥቶ በሚተኛበት በታችኛው ቆላ የሚኖር ግመል አርቢ። ዳዊ ያውቀዋል፤ በየገበያው ሲገናኙ ጮክ ብሎ የሚቀልድ ሰው ነው።

አደም ሮባ ግመሉን እደጁ ድረስ አላመጣውም። ሩቅ፣ ከቁልቋሉ ስር አሰረው። ግመሉ ላይ ጭነት የለም፤ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ በሰሌን ተጠቅልሎ ከኮርቻው ጋር ታስሯል። በሰሌኑ ጫፍ ቀይ ጨርቅ ይታያል። ሰውየው ዱላውን እዚያው ትቶ፣ ባዶ እጁን፣ ቀስ እያለ መጣ። ዳዊ ያሰረውን ችቦ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ግራሩ ስር ሐጂ ኩምቢ ተነሥተው ቆሙ።

«አባ ሉባባ» አለ አደም ሮባ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰላም አደርክ?»

በሩ ከውስጥ ነቅነቅ አለ፤ ሞሚና እጇን ጣውላው ላይ አድርጋለች። ዳዊ ትወጣለች ብሎ ጠበቀ። አንገቱን ይዛ ታስተፋዋለች ብሎ ጠበቀ። እሱም ራሱ «ተናገር» ማለት ይችል ነበር፤ አደም ሮባ በዕድሜ ያንሰዋል፣ ማቋረጥ ነውር አይሆንበትም። ሰላምታው ካለቀ ልጁ ሞተች ማለት ነው። እስኪያልቅ ድረስ ግን አሮጊቷን ይዛለች።

«ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ዳዊ። «አንተስ? ሰላም አደርክ?»

«ሰላም። ቤቱስ?»

«ሰላም። ያንተስ ቤት? እናትህስ?»

«ሰላም ናት።»

«ወንድሞችህስ? ታላቁ ወገቡን ያመው ነበር።»

«ሰላም ነው። ተሽሎታል።»

«ግመሎቹስ? የወለደችው ነበረች፣ ነጯ።»

«ሰላም ናት። ግልገሏም ሰላም ነው።»

«ሳሩስ?»

«ሰላም።»

«ጎረቤቶቻችሁስ? ገበያውስ? የጉድጓዱ ውሃስ?»

አደም ሮባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጨዋ ሰው ነው፤ ገብቶታል። አንዱንም ሳያስቀር መለሰለት፣ ለሁሉም ሰላም አለ። ዳዊ የሚጠይቀው አለቀበትና አፉን ከፍቶ ቆመ። አደም ሮባ ትንፋሽ ሳበና «እንግዲህ፣ አባ ሉባባ...» ብሎ ሊጀምር ሲል በሩ በጥቂቱ ተከፈተ።

«ፍየሎቹስ?» አለች ሞሚና ከውስጥ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ የሚሰማ እንኳ አይመስልም። «ፍየሎቹስ ሰላም ናቸው፣ አደም?»

«ሰላም ናቸው፣ ሐደ ሉባባ።»

«ግልገሎቹስ?»

«ግልገሎቹም ሰላም ናቸው።»

ዳዊም ስለ ሳሩ እንደገና ጠየቀው።